ከአምፔሩ በፊት ሙቀቱን፦ የፔልቲየር ማቀዝቀዣን አቅም መገመቻ መመሪያ

በበጋ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳር ሽንኩርት የሚያለማ የፎገራ ገበሬ ስለ ውሃ ሞተር አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። በሞተሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ይዟል፤ አንዱ ውሃውን እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚያወጣ፣ ሌላው በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚገፋ ይናገራል። ሁለቱ ግን አብረው አይገኙም። ወንዙ እየጎደለ ውሃው ከማሳው እየራቀ ሲሄድ ከቱቦው የሚወጣው ይቀጥናል። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስማ ሞተሩ እየጮኸ ጠብታ አይወጣም።

ፔልቲየር የሚባለው የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሳህንም ጠባዩ ይኸው ነው፤ የሚገፋው ግን ውሃ ሳይሆን ሙቀት ነው። ወረቀቱ ላይ «57 ዋት» እና «75 ዲግሪ» ተጽፎ ያየ ሰው፣ 57 ዋት ሙቀት እያወጣ 75 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሳህን የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በፎገራዋ ወረታ ከተማ ሬዲዮና ሞባይል ለሚጠግን ባለሙያ፣ ለቴክኒክ ሙያ ተማሪ፣ እንዲሁም መብራት በጠፋ ቁጥር ስለ ቤተሰቡ ኢንሱሊን ለሚጨነቅ ሰው ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ሲበዛበት ኃይሉ ይደክማል፤ በረዶ ከሆነ ደግሞ ቀልጦም አይመለስም። ጉዳቱ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው በሕመምተኛው ስኳር ላይ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ከመሥራትዎ ወይም ከመግዛትዎ በፊት መገመት የሰው ጤና መጠበቅ ነው። ሒሳቡ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

የሚያስፈልግዎ

ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር (ሦስት ቢሆን ጥሩ ነው)፣ መልቲሜትር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ በረዶ፣ ሜትር፣ ሰዓት፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ደብተሩን አይናቁት፤ ያልተጻፈ ልኬት የሚረሳ ልኬት ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ሳህኑ ውስጥ የሚሆነውን ይወቁ

ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲየር በ1834 እ.ኤ.አ. ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተጋጠሙበት ቦታ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አንዱ መጋጠሚያ እንደሚቀዘቅዝ፣ ሌላው እንደሚሞቅ አስተዋለ። ከአራት ዓመት በኋላ ኤሚል ሌንዝ በቢስሙትና በአንቲሞኒ መጋጠሚያ ላይ የውሃ ጠብታ አስቀምጦ በረዶ አደረጋት። ዛሬ በገበያ የሚገኘው 4 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ሳህን በሁለት የሴራሚክ ገጾች መካከል ቢስሙት ቴሉራይድ ከተባለ ነገር የተሠሩ ብዙ ትንንሽ እግሮች የተደረደሩበት ነው። ጋዝ የለውም፣ ኮምፕረሰር የለውም።

መብራት ሲያገኝ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሆናሉ። አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩ ሙቀትን ከቀዝቃዛው ፊት ወደ ሙቁ ፊት ይስባል፤ የምንፈልገው ይህን ነው። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ ሲያልፍ ሳህኑን ያሞቃል፤ የዚህ ሙቀት ግማሽ ወደ ቀዝቃዛው ፊት ይመለሳል። ሦስተኛ፣ ሙቁ ፊት ከቀዝቃዛው በበለጠ ቁጥር ሙቀት በእግሮቹ በኩል ወደ ኋላ ይሾልካል፤ ወደ ማሳ የተቀዳ ውሃ በተበሳ ቦይ ተመልሶ ወደ ወንዙ እንደሚወርድ ማለት ነው። እውነተኛው የማቀዝቀዝ አቅም ከመጀመሪያው ላይ ሁለቱ ተቀንሰው የሚተርፈው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አምፔሩን እጥፍ ቢያደርጉ መሳቡ እጥፍ ይሆናል፤ ማሞቁ ግን አራት እጥፍ። የዚህ ጽሑፍ ምክር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

2ኛ ደረጃ፦ ወረቀቱን ያንብቡ

በብዛት የሚሸጠው ቲኢሲ1-12706 የሚል ጽሑፍ አለው። 127 የእግሮቹ ጥንድ ብዛት ነው፤ 06 ደግሞ ወደ 6 አምፔር የሚሄድ መሆኑን ይናገራል። የተለመደው የአምራች ሰንጠረዥ ሙቁ ፊት 50 ዲግሪ ሲሆን እነዚህን ይሰጣል፦

- ከፍተኛ አምፔር፦ 6.4
- ከፍተኛ ቮልት፦ 16.4
- ከፍተኛ የሙቀት ልዩነት፦ 75 ዲግሪ
- ከፍተኛ የማቀዝቀዝ ኃይል፦ 57 ዋት

75 ዲግሪ የሚገኘው ሳህኑ ምንም ሙቀት ሳያነሳ ነው። 57 ዋት የሚገኘው በሁለቱ ፊቶች መካከል ምንም ልዩነት ሳይኖር ነው። የእርስዎ ሳጥን የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ሦስቱን ቁጥሮች ያውጡ

መጀመሪያ የሙቁን ፊት ዲግሪ ወደ ኬልቪን ይቀይሩ፤ 273 መደመር ነው። 50 ዲግሪ 323 ኬልቪን ይሆናል። ከዚያ፦

የመሳብ ቁጥር = ከፍተኛ ቮልት ÷ ኬልቪን = 16.4 ÷ 323 = 0.051

የመቃወም ቁጥር = (16.4 ÷ 6.4) × (323 − 75) ÷ 323 = 1.97 ኦም

የመሾለክ ቁጥር = (16.4 × 6.4 × 248) ÷ (2 × 323 × 75) = 0.54 ዋት በአንድ ዲግሪ ልዩነት

ለእጅ ሒሳብ እንዲቀል 0.05፣ 2 እና 0.54 ብለን እንያዛቸው። ሌላ ዓይነት ሳህን ካለዎት በራሱ ወረቀት ቁጥሮች ይተኩ፤ መንገዱ አይለወጥም።

4ኛ ደረጃ፦ ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ሙቀት ይለኩ

ብዙ ሰው ሥራውን ከሳህኑ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ከሳጥኑ ነው። ገበሬ ማሳው ስንት ውሃ እንደሚፈልግ ሳያውቅ ሞተር አይገዛም።

ለምሳሌ ውስጡ 25 በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 10 ሊትር የሚይዝ፣ ግድግዳው 4 ሴንቲ ሜትር ፎም የሆነ ሳጥን እንውሰድ። ለሳህኑ ቀዳዳ ከመብሳትዎ በፊት በበረዶ ይፈትኑት።

ሀ. ከማቀዝቀዣ የወጣውን በረዶ ላዩ እስኪረጥብና መንጠብጠብ እስኪጀምር ይተዉት። ላዩ ገና ያልረጠበ በረዶ መጀመሪያ ሳይቀልጥ ሙቀት ስለሚወስድ ሒሳቡን ያሳስታል።

ለ. በረዶውን በወንፊት ላይ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ዕቃ አድርገው ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በሳጥኑ አየር ውስጥ ያንጠልጥሉ። ክዳኑን ግጥም አድርገው ይዝጉ።

ሐ. ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀለጠውን ውሃ ይድፉ፤ ይህ የመጀመሪያው ሰዓት ሳጥኑ ራሱ የሚቀዘቅዝበት ነው። ከዚያ አራት ሰዓት ይጠብቁና የተጠራቀመውን ውሃ ይመዝኑ።

መ. በሰዓት የቀለጠውን ግራም በ0.093 ያባዙ። አንድ ግራም በረዶ ለመቅለጥ 334 ጁል ስለሚፈልግ፣ ውጤቱ ወደ ሳጥኑ የገባው ዋት ነው።

በሰዓት 110 ግራም ቀለጠ እንበል፤ 110 × 0.093 = 10.2 ዋት። ውጭው 32 ዲግሪ፣ የሳጥኑ አየር 4 ዲግሪ ከነበረ ልዩነቱ 28 ነው። 10.2 ÷ 28 = 0.36። ይህ የሳጥንዎ ቁጥር ነው፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 0.36 ዋት ይገባል።

አሁን የሚፈልጉትን ያስሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የሚለኩትን ከፍተኛ ዲግሪ ይውሰዱ፤ እኛ ለምሳሌው 32 ብለናል፣ የእርስዎ ቤት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ሳጥኑን 6 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ልዩነቱ 26 ነው፤ 26 × 0.36 = 9.4 ዋት። በብሎኖች፣ በሽቦና በክዳን መክፈት ለሚገባው 1.6፣ ለውስጠኛው ትንሽ ፋን 1 ዋት ይጨምሩ። ጭነቱ 12 ዋት ሆነ።

5ኛ ደረጃ፦ የሙቁን ፊት ጠባይ ይወቁ

ሳህኑ ከሳጥኑ ያወጣውን ሙቀትና የበላውን ኤሌክትሪክ በሙሉ በሙቁ ፊት ይተፋል። 12 ዋት አንስቶ 42 ዋት ከበላ፣ ሂት ሲንኩ (ሙቀት በታኙ ብረት) እና ፋኑ 54 ዋት ወደ አየር መበተን አለባቸው። ይህን ካልቻሉ ሙቁ ፊት ይግላል፣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይሾልካል።

ሂት ሲንኩን እንዲህ ይለኩ። ሳህኑን አስገጥመው ለግማሽ ሰዓት ያሠሩት። ሳህኑ በሚነካበት ቦታ ያለውን ዲግሪ ይለኩ፤ የክፍሉን ይቀንሱ፤ ልዩነቱን በሚበተነው ዋት ያካፍሉ። 48 ዲግሪ ሆኖ ክፍሉ 32 ከሆነ ልዩነቱ 16 ነው፤ 16 ÷ 54 = 0.3። የሂት ሲንክዎ ቁጥር 0.3 ዲግሪ በዋት ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ወረታ ላይ ሁለት ነገሮች ይህን ቁጥር ያበላሹታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ወደ 20 በመቶ ይሳሳል፤ ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በፋብሪካ ወረቀት ላይ ያገኙትን የሂት ሲንክ ቁጥር እንዳለ አይመኑ፤ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨምሩበት፣ ወይም እዚሁ ይለኩት። ሁለተኛው አቧራ ነው። የሩዝ መፈተጊያ አጠገብ የሚውል ማቀዝቀዣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በገለባ ብናኝ ይደፈናል።

የቀዝቃዛው ፊትም የራሱ ልዩነት አለው። ሳጥኑ 6 ዲግሪ ሲሆን ሳህኑ ከዚያ በታች መውረድ አለበት፤ የውስጠኛው ሂት ሲንክ ቁጥር 0.5 ከሆነ 12 × 0.5 = 6፤ ሳህኑ 0 ዲግሪ፣ ማለትም 273 ኬልቪን ላይ ይሆናል። ለዚህ ነው የኢንሱሊን ብልቃጥ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ፈጽሞ መነካካት የሌለበት።

6ኛ ደረጃ፦ በተለያየ አምፔር ያስሉ

ቀመሩ ይህ ነው፦

የማቀዝቀዝ ዋት = (0.05 × 273 × አምፔር) − (ግማሽ × አምፔር × አምፔር × 2) − (0.54 × የፊቶቹ ልዩነት)

ቮልት = (0.05 × ልዩነት) + (2 × አምፔር)

የሚበላው ዋት = ቮልት × አምፔር

የሙቁ ፊት ዲግሪ በሚበላው ዋት ላይ ስለሚመሠረት፣ መጀመሪያ ይገምቱት፣ ያስሉ፣ ከዚያ በ5ኛው ደረጃ ቁጥር አርመው ደግመው ያስሉ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲደግሙት ይረጋጋል። ለ4 አምፔር እንሞክረው። ሙቁ ፊት 48 ቢሆን ልዩነቱ 48 ነው። መሳቡ 54.6፣ ማሞቁ 16፣ መሾለኩ 25.9፤ የሚተርፈው 12.7 ዋት። ቮልቱ 10.4፣ የሚበላው 41.6 ዋት። የሚበተነው 54.3 ዋት፣ በ0.3 ሲባዛ 16.3፤ 32 ሲደመርበት 48.3። ግምታችን ገጠመ።

በዚሁ መንገድ የተገኘው ይህ ነው፦

- በ3 አምፔር፦ ሙቁ ፊት 42 ዲግሪ፣ የሚበላው 24 ዋት፣ የሚያቀዘቅዘው 9 ዋት
- በ4 አምፔር፦ ሙቁ ፊት 48 ዲግሪ፣ የሚበላው 42 ዋት፣ የሚያቀዘቅዘው 12.7 ዋት
- በ5 አምፔር፦ ሙቁ ፊት 55 ዲግሪ፣ የሚበላው 64 ዋት፣ የሚያቀዘቅዘው 13.5 ዋት
- በ6 አምፔር፦ ሙቁ ፊት 63 ዲግሪ፣ የሚበላው 91 ዋት፣ የሚያቀዘቅዘው 12 ዋት ገደማ

እነዚህን አራት መስመሮች ቀስ ብለው ያንብቧቸው። ከ4 ወደ 5 አምፔር ሲወጡ 22 ዋት ጨምረው ያገኙት ከአንድ ዋት ያነሰ ነው። ከ5 ወደ 6 ሲወጡ ደግሞ ብዙ ከፍለው ያነሰ አገኙ። «አልቀዘቀዘም፤ ኃይል ጨምርለት» የሚለው ምክር እዚህ ላይ የተገላቢጦሽ ይሠራል። ለዚህ ሳጥን ልኩ 4 አምፔር ነው።

አሁን ፋኑ በብናኝ ተደፍኖ የሂት ሲንኩ ቁጥር ከ0.3 ወደ 0.6 ከፍ አለ እንበል። በዚያው 4 አምፔር ሙቁ ፊት 62 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ የማቀዝቀዝ አቅሙም ወደ 5 ዋት ይወርዳል። ሳጥኑ 6 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ወደ 12 ይጠጋል። መብራቱ በርቷል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ኢንሱሊኑ ግን ከልኩ ወጥቷል። በየሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ይበልጣል።

7ኛ ደረጃ፦ ግምትዎን በልኬት ይፈትኑ

ሳጥኑን ሁለት የውሃ ጠርሙስ ከተው ይዝጉና ዲግሪው መለወጥ እስኪያቆም ያሠሩት። ቮልቱን፣ አምፔሩን፣ የሳጥኑን፣ የሙቁን ፊትና የክፍሉን ዲግሪ ይጻፉ።

በሳህኑ ፊቶች መካከል ቴርሞሜትር ማስገባት ካልቻሉ ሳህኑ ራሱ ቴርሞሜትር ይሆንልዎታል። የሳህኑን ሽቦ ከኃይል ምንጩ ይንቀሉና ወዲያው በመልቲሜትር ይለኩት። ፊቶቹ በዲግሪ እስከተለያዩ ድረስ ራሱ ቮልት ይሰጣል፤ ይህ ቶማስ ሲቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. ያገኘው የዚሁ ነገር ግልባጭ ነው። ያነበቡትን ቮልት በ0.05 ያካፍሉት። 2.4 ቮልት ካነበቡ ልዩነቱ 48 ዲግሪ ነው። ፈጠን ይበሉ፤ በየሴኮንዱ ይወርዳል።

ከግምቱ 10 ወይም 15 በመቶ ቢለይ አይደንግጡ። ከዚያ በላይ ከራቀ ሦስት ቦታ ይፈትሹ፦ ሳህኑና ሂት ሲንኩ መካከል ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በስሱና በሙሉ ተቀብቷል ወይ? ብሎኖቹ እኩል ጠብቀዋል ወይ? ክዳኑ ይገጥማል ወይ? በክረምት፣ ሜዳው ውሃ በተኛበት ወቅት፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ በቀዝቃዛው ፊት ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ የሳህኑን ዙሪያ በሲሊኮን ይድፈኑት፣ አለዚያ እግሮቹን ዝገት ይበላቸዋል።

8ኛ ደረጃ፦ ጊዜውንና ኤሌክትሪኩን ያስሉ

አንድ ሊትር ውሃ ከ32 ወደ 6 ዲግሪ ለማውረድ ወደ 109 ሺህ ጁል መነሳት አለበት። ከግድግዳው የሚገባውን ችሎ በአማካይ 10 ዋት ከተረፈ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ መጨረሻው ላይ ይበልጥ ይዘገያል።

ይህን ስሌት ወተት ላይ ይሞክሩት፤ ፎገራ የከብት አገር ነውና ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። ትኩስ የታለበ 10 ሊትር ወተት ከ37 ወደ 8 ዲግሪ ለማውረድ ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ጁል በላይ ይፈልጋል። በ10 ዋት ከ30 ሰዓት በላይ ነው፤ ወተቱ ከዚያ በፊት ይረጋል። ስለዚህ የፔልቲየር ሳጥን ለወተት፣ ለጣና ዓሣ፣ ለቲማቲም አይሆንም። ቀድሞ የቀዘቀዘ ትንሽ መድኃኒት ባለበት እንዲቆይ ማድረግ ነው ሙያው። ለሌላው ኮምፕረሰር ያለው ማቀዝቀዣ ይግዙ፤ በአንድ ዋት የሚያነሳው ሙቀት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ሳህኑ 42፣ ፋኖቹ 4፣ ድምሩ 46 ዋት፤ በ24 ሰዓት 1.1 ኪሎዋት ሰዓት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ከተጠቀሙ 13 ሰዓት ይበቃል። ባትሪውን በቀጥታ ቢያገናኙት ሳህኑ ወደ 4.7 አምፔር ይስባል፤ ቮልቱን ወደ 10.4 የሚያወርድ መቀየሪያ በመካከል ቢያስገቡ ይሻላል።

9ኛ ደረጃ፦ መብራት የጠፋ ዕለት

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ኃይል ሲቋረጥ ሳህኑ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሙቀት መልሶ የሚያስገባ በር ይሆናል። የመሾለክ ቁጥሩ 0.54 ነው፤ የሳጥኑ ግድግዳ በሙሉ ግን 0.36። ሁለቱ ሂት ሲንኮች ትንሽ ቢያግዱትም፣ መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ተራ የፎም ሳጥን ከሚሞቅበት ፍጥነት ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይሞቃል። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት የቀዘቀዘ ውሃ ጠርሙስ ይኑር፤ መጠባበቂያው እሱ ነው። መቋረጡ ከረዘመ ኢንሱሊኑን ወደ ሌላ ቀዳዳ የሌለው የፎም ሳጥን ያዛውሩ። በረዶ ካገኙ በጨርቅ ጠቅልለው ብልቃጡን እንዳይነካ አድርገው ያስቀምጡ።

መጨረሻ፦ ምን ይለወጥ?

ግምትዎ አልበቃ ካለ አምፔሩን አይንኩ። ፎሙን ከ4 ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያወፍሩ። የሳጥኑ ቁጥር ከ0.36 ወደ 0.21 አካባቢ ይወርዳል፤ ጭነቱም ከ12 ወደ 8 ዋት ይጠጋል። ይህን 3 አምፔር ይችለዋል። ከ42 ዋት ወደ 24 ዋት ወረዱ ማለት ነው፤ ባትሪዎ 13 ሰዓት የነበረው ከ20 ሰዓት በላይ ሆነ። የርብ ዳር ገበሬ ትልቅ ሞተር ከመግዛቱ በፊት የተበሳውን ቦይ ይደፍናል፤ ሞተሩንም ወደ ውሃው ያስጠጋል። ፎሙ ቦዩን መድፈን ነው፤ ንጹሕ ሂት ሲንክ ደግሞ ሞተሩን ማስጠጋት።

ሁሉም ሲጠናቀቅ አንድ ካርቶን ቆርጠው ክዳኑ ላይ ይለጥፉ፦ የክፍሉ ከፍተኛ ዲግሪ፣ አምፔሩ፣ የሙቁ ፊት ዲግሪ፣ የሳጥኑ ዲግሪ፣ የተለካበት ቀን። ከሁለት ወር በኋላ ደግመው ይለኩ። ሙቁ ፊት ከተጻፈው 5 ዲግሪ በልጦ ካገኙት፣ የሳጥኑ ዲግሪ ገና ሳይናጋ ብሩሹን ያንሱ።